ከአባባ ኋላ ያለው ሰማያዊ

ሁለቱ ካሜራዎች ቤቱ ከገቡ ጀምሮ ምናሴ ሰው አልነበረም። ሙያው ሠርግ ማንሣት ነው፤ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችው፤ የባሕር ዳርን ልጆች ግማሾቹን የዳርኋቸው እኔ ነኝ እያለ ይቀልዳል። አሮጌው ካሜራው የጥምቀት ሰሞን ሲሞትበት፣ ዕቃ አስመጪው አኒስ ሁለት አዳዲስ ካሜራዎች በአንድ ቦርሳ ከትቶ ሰጠው።

«ሁለቱንም ውሰድና ሞክራቸው። የወደድኸውን አስቀር፤ የጠላኸውን ቅዳሜ ትመልስልኛለህ። ወረታ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለው።

አኒስ እንዲህ ነው፤ ሰው ካመነ ወረቀት አያውቅም። ምናሴን ምርጫ ውስጥ መክተት ዝንጀሮን ማሽላ እርሻ ውስጥ እንደ መልቀቅ መሆኑን ግን አላሰበውም።

ሁለቱም አዲሶቹ፣ መስታወት አልባ የሚባሉት፣ የባለሙያ ካሜራዎች ናቸው። ላያቸውን ሲያዩት መንታ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በአንዱ ሰፊ ነው፣ በሌላው ጠበብ ይላል። ምናሴም ትልቁና ትንሹ ብሎ ስም አወጣላቸው። ትንሹ ቀላል ነው፤ ከጧት እስከ ማታ አንገት ላይ ቢውል አያጎብጥም፤ ሐይቁ መካከል ያለችን ወፍ ጎትቶ አጠገብህ ያስቀምጣታል። ትልቁ ይከብዳል፤ ነገር ግን ደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር ጥርት አድርጎ ያነሣል። ደግሞ ፊትን ብቻ አጥርቶ፣ ከሰውየው ኋላ ያለውን ዓለም በሙሉ እንደ ጭጋግ ያለሰልሰዋል። ሙሽሮች የሚሞቱለት ይህ ነው። ምናሴ ይህን ሁሉ ገና ሰኞ ዕለት ያውቅ ነበር። የዚያኑ ዕለት መርጦ ቢገላገል ምን ነበረበት? ሰውየው ግን አምስት ቀን ሙሉ ሲያወዳድር ከረመ።

ለማወዳደር ሰው ያስፈልጋል፤ የማይንቀሳቀስ፣ የማይሰለች፣ እስኪ አሳየኝ ብሎ የማያስቸግር ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እቤቱ ነበረው። አባቱ አቶ ገብረ ኪዳን ሠላሳ ሁለት ዓመት በፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ ረሱ፣ ቀጥለው የጎረቤት ስም፣ በኋላ የሚስታቸውን መሞት። ሁለት ጊዜ ሳይታዩ ከቤት ወጥተው፣ አንዴ የፋብሪካው በር ላይ ሲገኙ፣ አንዴ መራዊ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ምናሴና ኮሌጅ የምትሠራው እኅቱ ሔራን ተራ ገቡ። ቃል ኪዳናቸው አንድ ነው፤ ዓይን ከአባባ ላይ አይነሣም።

የምናሴ ዓይንም አልተነሣም፤ እውነቱን መናገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ አባቱን ሲያይ ነው የሰነበተው። በትልቁ ያነሣቸዋል፣ በዚያው ቦታ በትንሹ ይደግማቸዋል፤ ከዚያ አጉልቶ የግራ ቅንድባቸውን ሽበት ይቆጥራል፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ክር ይመረምራል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ አባትየው ለልጃቸው መለኪያ ሆኑ።

ሽማግሌው ካሜራ ባዩ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና፣ «ለመታወቂያ ነው?» ይላሉ።

«አዎ አባባ፣ ለመታወቂያ ነው» ይላል ምናሴ። ማስረዳቱ ይደክመዋል። እሳቸውም ትከሻቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ አፋቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ። ደግመው እስኪጠይቁ ድረስ።

ቅዳሜ ሔራን በጧት ወጣች። ምናሴ አባቱን ቁርስ አብልቶ ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወሰዳቸውና ዋርካው ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጣቸው። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ ውኃው ጸጥ ብሏል። በትልቁ አነሣቸው። በትንሹ አነሣቸው። ከዚያ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን ይዞ ምስሎቹን ሲያስተያይ፣ የአባቱ ፊት በሁለቱም ላይ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ልዩነቱ ከፊቱ ኋላ ነበር። ትልቁ ላይ ያለው ለስላሳ አረንጓዴና ለስላሳ ሰማያዊ ብቻ ነው። ትንሹ ላይ ግን ደንገሉ ዘንግ በዘንግ ይቆጠራል፣ የአጥሩ ሽቦ ይታያል፣ የመንገደኛ እግር ይታያል፣ በዚያ ሁሉ መካከል ደግሞ አንድ ሰማያዊ ነገር ከነሙሉ ቅርጹ ተገትሯል።

«ይኼ ሰማያዊ ነገር ፎቶውን አበላሸው» አለ ለራሱ። በዚያችው ደቂቃ ትልቁን መረጠ። አምስት ቀን የፈጀ ክርክር እንዲህ በቀላሉ አለቀ፤ ደስም አለው።

ደስታው እጁን አፋጠነው። ፎቶ የሚከማችባት አንዲት ፈጣን ካርድ ነበረችው፤ ያን ጧት ትንሹ ውስጥ ነበረች። እሷን አውጥቶ በትልቁ ሁለተኛ የካርድ ማስገቢያ ከተተ፣ ላይዋ ያለውን ሁሉ ደመሰሰና፣ ውኃው ላይ ወደሚያርፉት ነጫጭ ፔሊካኖች ዞሮ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ክንፋቸውን ሲዘረጉ፣ ውኃውን በእግራቸው ሲሰነጥቁት እንዴት እንደሚያምር! ልቡ እዚያ ሄደ።

ከኋላው፣ «ጨረስህ ወይ?» የሚል ድምፅ ሰማ።

«ጨረስሁ አባባ።»

«እንግዲያው ልሂድ?»

«እሺ» አለ ምናሴ፣ ሳይዞር።

ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፈቃድ ጠይቀው ሄዱ።

ካርዷ ሞልታ ካሜራው ሲቆም ምናሴ ዞር አለ። ድንጋዩ ላይ ባርኔጣው ብቻውን ተቀምጧል።

መጀመሪያ አልደነገጠም። ዛፉን ዞረው ሽንት ሊሸኑ ሄደው ይሆናል አለ። ዛፉን ዞረ። ከዚያ ጠራ፤ ከዚያ ጮኸ፤ ከዚያ ሁለት ካሜራ አንገቱ ላይ እየተጋጨ ሮጠ። ጭማቂ ቤት ጠየቀ፣ ጫማ ጠራጊ ጠየቀ፣ ጀልባ ጠባቂ ጠየቀ። አንዱ በዚህ በኩል አየሁ መሰለኝ ይላል፣ አንዱ በዚያ። ባርኔጣ ያላደረገ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ በባሕር ዳር ስንት አለ?

ሔራን ከሥራዋ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

«ሲሄዱ ምንም አላሉህም?» አለችው።

«ምንም አላሉም» አላት። ዋሸ፤ ያቺን «እሺ» አላነሣትም።

ፖሊስ ጣቢያ ሳጅን ፀሐይወርቅ የምትባል፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ተቀበለቻቸው። «ምን ለብሰዋል?»

«ነጭ ሸሚዝ።»

«ከታችስ? ሱሪያቸው? ጫማ ነው ሰንደል?»

ምናሴ የአባቱን የግራ ቅንድብ ሽበት ቁጥር ያውቃል። ኮሌታቸው ላይ ሁለተኛው ስፌት እንደተተረተረ ያውቃል። ከደረታቸው በታች ያለውን ግን ሳምንቱን ሙሉ አላየውም፤ ፍሬም ውስጥ አልነበረማ! ሔራንን አያት። ጧት ስትወጣ አባባ አልጋ ላይ ነበሩ። በሁለት ልጅ መካከል የአንድ አባት ጫማ ጠፋ።

ሳጅኗ የትልቁን ካሜራ የምስል መስኮት ወደ ራሷ አዞረች። «እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» ካለች በኋላ ጣቷን አስጠጋች። «ይኼ ከኋላቸው ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ፍለጋውን ሊያግዝ አብሯቸው የመጣው ጀልባ ነጂ ብሥራት አንገቱን አስግጎ፣ «ጀልባ ነው። የእኛ ጀልባዎች ቀለም ይኸው ነው። ሽማግሌ ሰው ዋርካው ሥር ካየን ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ እየመሰለን ና ውጣ አባቴ እንላለን» አለ።

አንድ ወጣት ፖሊስ፣ «የምን ጀልባ! ባጃጅ ነው። መንገዱ እኮ እዚያው ጀርባ ነው» አለ።

«አጉላው» አለች ሳጅኗ።

አጎላው። ሰማያዊው ሰፋ። ደግሞ አጎላው። መስኮቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ለስላሳ፣ የሚያምር፣ ጠርዝ የሌለው ሰማያዊ።

«ሌላ ፎቶ የለህም? በዚያው ሰዓት የተነሣ?»

ነበረው። በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ቦታ፣ ሽቦው ሳይቀር የሚቆጠርበት ፎቶ ነበረው። ዓይኑ አይቶታል፤ ዓይኑ አይቶ አበላሸው ብሎ ጠልቶታል። ጎማ ነበረው? መቅዘፊያ ነበረው? ሰው ነበረበት? ዓይኑን ጨፍኖ ሊያስታውስ ታገለ። የሚመጣለት ግን ያ «አበላሸው» ያለው ቃል ብቻ ነው። ለካስ የሚረሳው አባቱ ብቻ አልነበረም።

ካርዷን ይዞ ኮምፒውተር ቤት ሮጠ። እዚያ የሚሠራው ልጅ የጠፋ ፋይል የሚያስመልስ ፕሮግራም ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለ። በመጨረሻ ሊያጽናናው እየሞከረ፣ «ደምስሰኸው ብቻ ቢሆን እናገኘው ነበር። አንተ ግን ላዩ ላይ እስኪሞላ ቀርጸህበታል» አለው። መስኮቱ ላይ ፔሊካኖቹ ክንፋቸውን እየዘረጉ ያርፋሉ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብሥራት ሞተሩን አሙቆ ወደብ ላይ ይጠብቅ ነበር። ያለው ነዳጅ ለአንድ ምልልስ ነው፤ የቀረው ብርሃንም የአንድ ሰዓት፤ ከመሸ ደግሞ ያለ ፖሊስ ብቻውን እንዲሻገር አይፈቀድለትም። የሳጅኗ ሰዎች ደግሞ ተከፍለው ለመሄድ አይበቁም፤ ያላቸውም አንድ መኪና ብቻ ነው፤ ከብሥራት ጋር ወደ ዘጌ ይሻገሩ፣ ወይስ በወረታ መንገድ ይውጡ? አቶ ገብረ ኪዳን ከወረታ አለፍ ብላ ያለችው የይፋግ ተወላጅ ናቸው፤ ባጃጅ ከሆነ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ተወለዱበት አገር መሄዳቸው አይቀርም።

«አንተ ነህ እዚያ የነበርኸው» አለች ሳጅኗ። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቷን ነው። «ጀልባ ነው ባጃጅ?»

ሔራን አየችው። ብሥራት አየው። ምናሴ ሐይቁን አየ፣ መንገዱን አየ። ምንም አያውቅም። አባቱን ከሚፈልጉት ሰዎች መካከል ያን ሰማያዊ በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነው፤ ምንም የማያውቀውም እሱ ነው።

«ባጃጅ» አለ። ለምን እንዳለ እግዜር ይወቀው።

መኪናው በወረታ መንገድ ወጣ። እስከ ይፋግ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። በነጋታው ብሥራት በራሱ ነዳጅ ዘጌ ደርሶ፣ ገዳማቱን ሁሉ ጠይቆ፣ እሱም ባዶውን መጣ። ይህ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ሽማግሌው ቅዳሜ ዘጌ ነበሩ ማለትም ይቻላል፤ አልነበሩም ማለትም ይቻላል። ሰው አንዴ ከተሳሳተ መንገዱን ይማራል፤ ምናሴ ግን መሳሳቱን እንኳ የሚነግረው አጣ።

ሰኞ አፋልጉን የሚል ማስታወቂያ ሊያሳትሙ ተቀመጡ። ለዚህ የሚሆን ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ የትልቁ። ሔራን ሰፊ ወረቀት ላይ ይታተም አለች። ሲወጣ፣ አቶ ገብረ ኪዳን ትከሻቸውን አስተካክለው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ መታወቂያቸውን ይጠብቃሉ። ሽበታቸው ይቆጠራል። ከኋላቸው ዓለም የለም።

መናኸሪያ ለጠፉት፣ ወደብ ለጠፉት፣ መራዊ፣ ወረታና ይፋግ ላኩት። አኒስ ሱቁን ዘግቶ ሲለጥፍ ዋለ። ትንሹን ካሜራ ሲረከብ የወረታውን ሰው ስም እንኳ አላነሣም፤ «አላህ ያገናኛችሁ» ብቻ አለ።

ማስታወቂያው ላይ የምናሴ ስልክ ተጽፏል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እሱና ሔራን እቤት ተቀምጠው ሳሉ፣ ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ምናሴ ወዲያው አነሣው። ሔራን ብድግ ብላ ነጠላዋን ፈለገች።

«ሃሎ? መናኸሪያ የተለጠፈውን ፎቶ አይቼ ነው» አለች የአንዲት ወጣት ድምፅ።

«አቤት! አቤት እኅቴ!»

«መጀመሪያ እግዚአብሔር ያገናኛችሁ፤ በእውነት አዝኛለሁ። ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ... ፎቶውን ማን እንዳነሣው ልጠይቅህ ብዬ ነው። ፊታቸው ብቻ ጥርት ብሎ ከኋላ ያለው ሁሉ እንዲያ የለሰለሰውን። ሠርግ አለብኝና እንደዚያ እንዲሆንልኝ ፈልጌ።»

ምናሴ ሊሳደብ ፈለገ። ሊያለቅስም ፈለገ። ዐሥር ዓመት እንዲህ ላለ ስልክ ሲመልስ የኖረው አፉ ግን ቀደመው።

«ቀኑ መቼ ነው?»

«ዳግማይ ትንሣኤ።»

ቀና ሲል ሔራን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ የአባታቸውን ባርኔጣ በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«የት ነው ያሉት?» አለችው።