ለሚያውቅ ሰው የታየው ባና

አወቀ ቂመኛ ነው ይባላል። እሱ ግን «ቂም አልያዝኩም፤ የተደረገብኝን አልረሳሁም እንጂ» ይላል። ስድስተኛ ክፍል ሳለ በጣቱ ሲቆጥር ያየው መምህር በተማሪው ሁሉ ፊት አቁሞ «የዚህ ልጅ እጁ እንጂ ራሱ አይሠራም» አለው። አወቀ በማግሥቱ ደብተሩን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ሽመና ገባ። ነገሩ ከሆነ አርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልረሳውም። አንድ ጊዜ የሠራውን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለባዛር ወስደው በሌላ ሰው ስም ሰቅለውበታል፤ እሱንም አልረሳውም። የተማረ ሰው የድሃን እጅ ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ጉድለቱን ነው፤ ይህን አወቀ ብቻ ሳይሆን መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ባለ እጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የገሠሠ ነው።

ገሠሠ የታላቅ እህቱ የጥሩሸዋ ባል ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ጽናት ስትዳር አወቀ ወር ሙሉ ከሽመናው ጉድጓድ ሳይወጣ የጥቁር በግ ጠጉር ባና ሠራላት። ፈትሉን የፈተለችው ጥሩሸዋ ናት። ባና እንደሚታወቀው በሁለት ግማሽ ይሠራና መሐሉ ላይ ይሰፋል። ሰፍቶ፣ በሙቅ ውኃ አስረግጦ፣ አድርቆ ለገሠሠ አስረከበው። በሦስተኛው ቀን ገሠሠ ባናውን ታቅፎ ተመለሰ።

«ለሚያውቅ ሰው አሳይቼው ነበር፤ ግራው ያንሳል አለኝ። እስኪ አንተም እየው።»

አወቀ አላየውም። «ለልጅህ እንድታለብስ ሰጠሁህ እንጂ በየሰዉ ቤት እንድታዞረው ነው?» ብሎ ከእጁ ነጠቀው። ሳይገልጠው ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ የገሠሠን ደጅ አልረገጠም። እህቱን የሚያያት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አባትና እናታቸው በልጅነቱ ሞተው ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬም ሲያያት ኮሌታውን ታስተካክልለታለች።

ባለፈው እሁድ ግን ኮሌታውን አልነካችም።

«ደብረ ብርሃን ወንዱ ልጃችን ዘንድ ልንገባ ነው። የገሠሠ ጉልበት የመንዝን ብርድ አልቻለም። ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን» አለችው። «ከዚያ በፊት ቤቴ ና። ካልመጣህ እኔም ሁለተኛ አልለምንህም።»

ሰኞ አልሄደም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም አልሄደም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጽናት መጣች። የዚያን ጊዜዋ ሙሽራ አሁን የሁለት ልጆች እናትና የፊዚክስ አስተማሪ ሆናለች። በአባቷና በአጎቷ ጠብ ገብታ አታውቅም፤ አወቀም አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረባትም።

«ጋሼ፣ አሮጌ ባና ያውሱኛል?»

«ምነው፣ ባልሽ ቤት ብርድ ገባ?»

«ለተማሪዎቼ ነው። አራት ልጆች ጫፍ ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፤ መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ ጠፈር በከባድ ነገር እንዴት እንደሚጎብጥ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ሳነቃንቀው ሞገዱ ሲሄድ ያያሉ።»

አወቀ ሳቀ። «ሰማዩ ባና ከሆነ እኛን እዚህ ምን ያንዘፈዝፈናል?»

«ምሳሌ እኮ ነው።»

«ምሳሌም ቢሆን ባና አይሆንም። በሙቅ ውኃ የተረገጠ ጠጉር ሬሳ ነው፤ ጫፉን ብትመቺው መሐሉ አይሰማም። ነይ ወዲህ።»

ወደ ሽመናው ወሰዳት። ድሩ ከዳር እዳር ተወጥሯል። ከመሬት የጠጉር ብናኝ አንሥቶ በወዲያኛው የድሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ፤ ወደዚህኛው ጫፍ ተመልሶ ክሩን በጥፍሩ ነካ አደረገው። ብናኙ ዘለለ።

«አየሽ? እሱን ማንም አልነካውም። የተነካው እዚህ ነው።»

ጽናት ራሷ ሁለት ሦስቴ ሞከረችው። «ተማሪዎቼን እዚህ ነው የማመጣቸው» አለች። «እርስዎ ያስተምሯቸዋል።»

«ስድስተኛ ክፍል ተቀምጦ ያቋረጠ ሰው?»

«እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ተምሬ ባና ልዘረጋ ነበር እኮ።»

ይህን ከሌላ ሰው ቢሰማ ኖሮ አፌዘብኝ ይል ነበር። ከእሷ ሲሆን ግን እንደ ማር ዋጠው። በርጩማ ሰጣትና የዚያን ሞገድ ነገር ጠየቃት።

ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ከባድ የጠፈር አካላት፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት እርስ በርስ ሲዞሩ ቆይተው ተላተሙ አለችው። ግጭቱ ጠፈሩን እንደዚህ ድር ነቀነቀው። ንዝረቱ ሲጓዝ ኖሮ በ2008 ዓመተ ምሕረት መስከረም ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ክንዱ አራት ኪሎ ሜትር የሆነ መሣሪያ ተክለው ይጠብቁት ነበር። የክንዱ ርዝመት የተለወጠው ግን በዓይን ቀርቶ በሐሳብ ለመያዝ በሚያስቸግር ልክ ነው፤ ከአቶም እምብርት እጅግ ያነሰ።

«የጭነት መኪና አልፎ ቢሆንስ?» አለ አወቀ።

«ለዚህ ነው ሁለት የተከሉት። አንደኛው ከሌላኛው ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ንዝረት ሰሙ።»

«ሁለት ምስክር ከሆነ ይሁን። መጀመሪያ ያሰበው ማነው?»

«አልበርት አይንስታይን። መቶ ዓመት ቀድሞ።»

«ያ ጠጉሩን የማያበጥረው?»

«እሱ። ልጅ ሳለ አስተማሪው ከአንተ ምንም አይወጣም ብሎት ነበር ይባላል።»

አወቀ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ቀጥይ።»

«ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ራሱ ተጠራጠረ። ሞገዱ የለም የሚል ጽሑፍ ጽፎ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ላከ። አዘጋጁም ለሚያውቅ ሰው አሳየው።»

«ሳያስፈቅደው?»

«ሳያስፈቅደው። ሰውዬው ስሕተት አለበት ብሎ ዐሥር ገጽ ጻፈ። አይንስታይን ተናደደ። እንድታትሙት ላክሁ እንጂ ለሰው እንድታሳዩት አልፈቀድኩም ብሎ ጽሑፉን ወሰደ።»

«ደግ አደረገ» አለ አወቀ። ያን ጨብራራ ሰውዬ በዚያች ደቂቃ እንደ ወንድሙ ወደደው። «ታላቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ ክብሩን ያውቃል።»

«ስሕተቱ ግን ነበረ፣ ጋሼ።»

አወቀ እጁን ሰዶ የድሩን ክር በጥፍሩ ነካ አደረገው።

«ያ ዐሥር ገጽ የጻፈው ሰውዬ ኋላ አይንስታይን ካለበት ከተማ መጣ። ያየሁት እኔ ነኝ አላለም። ከአይንስታይን ረዳት ጋር ተወዳጅቶ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በቀስታ አሳየው። አይንስታይንም አረመው። ጽሑፉ በሌላ መጽሔት ሲወጣ ሞገዱ አለ ይላል።»

«የመጀመሪያውን መጽሔት ሰዎችስ ታረቃቸው?»

«ጥናት ዳግመኛ አልሰጣቸውም።»

«ቂሙን ይዞ ሥራውን አረመ በያ።»

«ቂሙን ማን ያስታውሰዋል ብለው ነው? ሥራውን ባያርመው ኖሮ ግን ይቆጨው ነበር።» ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ስለ አባቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስትወጣ ብቻ «ቅዳሜ መኪናው የሚመጣው በአንድ ሰዓት ነው» አለችው።

ዓርብ ጠዋት አወቀ ሳጥኑን ከፈተ። ባናውን አውጥቶ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። በስፌቱ ላይ አጥፎ ግራውን በቀኙ ላይ ሲያስተኛው ግራው አልደረሰም። በጣቱ ለካው፤ አራት ጣት ጎደለ። ሲሰፋው ጎትቶ አስተካክሎታል ማለት ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት፣ ሠርጉ ሲደርስበት። ያን ጊዜ ሳያይ ሳጥን ውስጥ የከተተው ገሠሠን ስላላመነው እንዳልነበረ አሁን ገባው። ስላመነው ነበር።

ባናውን ታቅፎ ገሠሠ ቤት ሲደርስ ዕቃው ታስሮ ግድግዳው ባዶውን ቀርቷል። ገሠሠ ምርኩዙን ይዞ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አወቀን በሩ ላይ ሲያየው አልተነሣም።

«ማን ሞተ?» አለው።

«ግራው ያንሳል» አለ አወቀ።

«በስንት?»

«በአራት ጣት።»

«እኔ ሦስት ነው የተባልኩት።»

አወቀ ባናውን ጆንያው ላይ አስቀመጠ። «ያ የሚያውቅ ሰው ማን ነበር? ንገረኝ፤ አልጣላውም።»

ገሠሠ ምርኩዙን አዙሮ መሬቱን ይጭር ጀመር። መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ጥሩሸዋ እጇን እየጠራረገች ብቅ ብላ። «ተረፈኝ ብለህ አንድ ልቃቂት አልመለስክልኝም? እኔ ስፈትል ለክቼ ነው። ከምን ይተርፋል? ገልጬ ብለካው ያንሳል።»

«ታዲያ ምነው አንቺ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርህ እኔንም ትተወኝ ነበር። እሱ ነው እኔን ይጥላኝ፣ አንቺ ወንድም አትጪ ያለው።»

አወቀ ገሠሠን ተመለከተው። አሥራ አንድ ዓመት በየገበያው ስሙን በክፉ ሲያነሣ ኖሯል፤ ሰውዬውም ሰምቶ እንዳልሰማ። ጎንበስ ብሎ የገሠሠን ጉልበት ያዘ።

«የታመመውን ነው የያዝከው» አለ ገሠሠ። «ልቀቅ።»

አወቀ ወደ ሁለተኛው ጉልበት ተዛወረ። ገሠሠ ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ሲበርድለት አማቹን በትከሻው ይዞ ወደ ራሱ ሳበውና ሳመው።

ጥሩሸዋ በዚህ መሐል ምላጭ አምጥታ ስፌቱን ትተረትር ጀምራለች። ባናው ሁለት ሲሆን ቀኙን አጥፋ ከታሰረው ጓዝ ላይ ጨመረችው፤ ግራውን ለወንድሟ ወረወረችለት።

«አዲስ ግራ ትሠራልኛለህ። ልኩ እኔ ዘንድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ይዘኸው መጥተህ ትገጥመዋለህ። በሰው ከላክኸው አልቀበልም።»

«ለሰኔ ሚካኤል አደርሰዋለሁ» አለ አወቀ።

«በአንድ ወር? እንዳለፈው ቸኩለህ?» አለ ገሠሠ።

«አደርሰዋለሁ አልኩ።»

«አትቸኩል» አለች ጥሩሸዋ ኮሌታውን እያስተካከለች። «ለሐምሌ ሥላሴ ይሁን። መጥተህም አትቸኩል፤ ትከርማለህ።»