የተገለባበጡት ቢላዋዎች

ባሌን ሰፈርተኛው «ሞረድ» ይለዋል፤ ስለትም ሰውም ሲሞርድ ስለሚውል ነው። ዘንድሮ ግን የሣር ማጨጃው አዋረደው። ከትራክተሩ ኋላ የሚጎተተው ይህ አሮጌ ማሽን በየመሀሉ በሣር ይታነቃል፤ ሲሻውም ሣሩን ሳይቆርጥ አስተኝቶት ያልፋል።

መጀመሪያ ሣሩ ረጥቧል አለ፤ እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀጥሎ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል አለ፤ አጠበቀው። በመጨረሻ ጥፋቱ የኔ ሆነ፤ ጠዋት ስለጨቀጨቅሁት ቀልቡ ተበትኖ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ጭንቀቱ ይገባኛል። ልጃችን ከከተማ መጥቶ ትራክተሩንም ማጨጃውንም ሊሸጥ ነው፤ አባባ ይብቃው፣ ይረፍ ይላል። ሞረድ ደግሞ ዕረፍትን ከሞት ለይቶ አያውቅም። የዘንድሮውን ድርቆሽ ራሱ አጭዶ ካሳየው፣ ልጁ ሐሳቡን እንደሚተው ተስፋ አድርጓል።

ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ፣ የቡሎን መፍቻ ይዤ ማጨጃው ሥር ተንበረከክሁ። ቢላዋዎቹ ፀጉር ይላጫሉ። ግን ተዘበራርቀዋል። ቢላዋዎቹ ከታሰሩባቸው ተሽከርካሪ ሳህኖች ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ የቱ ቢላዋ የየትኛው እንደሆነ የምታሳይ ትንሽ ቀስት በየቢላዋው ላይ ተቀርጻለች። እሱ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አስሮ፣ ሣሩን ሲደበድብ የከረመው በስለቱ ጀርባ ነው። ሞረድ እንዲህ አይሳሳትም። ቀስቷን ካላያት በቀር።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ የሚከተው ለዚህ ነው። ደረጃ ላይ እጄን መያዝ ሲጀምርማ፣ በስተርጅና ፍቅር ጠናበት ብዬ ተኩራርቼ ነበር።

አቀያይሬ የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ መጣ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ቢላዋ በጣቱ ዳሰሰ።

«ለልጁ ልትነግሪው ነው?» አለኝ።

«ማየት ካቃተህ ቆየህ?»

«ሣሩን አያለሁ፤ ትራክተሩንም አያለሁ። የጠፋኝ ትንንሹ ነገር ነው።» ወደ ድምፄ ዞሮ፣ «ፊትሽም» አለ። «ድምፅሽን እሰማለሁ፣ ሌላውን ከድሮው እሞላዋለሁ።»

ያመለጠህ መጨማደዴ ብቻ ነው ልለው ፈልጌ ነበር፤ ተውሁት። ትራክተሩ ላይ ወጣሁ። መንዳቱን በወጣትነታችን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዳር ቆሞ ያዳምጣል፤ የማሽኑ ድምፅ ሲከብድበት እጁን ያነሣል፣ እኔም ቀስ እላለሁ። ሣሩ ከሥሩ እየተቆረጠ በሰልፍ ተኛ። አንዴም አልታነቀም።

አመሻሹ ላይ ልጃችን ደወለ። አባባ እንዴት ነው ሲለኝ፣ ደህና ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሞረድ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ስቶ አየር ጨበጠ፤ መዳፉ ላይ አኖርሁለት።

«ልጄ፣ ዓይኔ ፈዟል» አለው። «ና፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ። ትራክተሩን ግን እንዳትነካብኝ። ሹፌር አግኝቻለሁ፤ ምላሷ ረዘመ እንጂ መስመር አትስትም።»