ከዲምቦንጋ የተነቀለው ሥር

ሌዮንቲን ወደ ዲምቦንጋ የሄደችው ለእህቷ ብላ ነው። ታናሿ ኦርታንስ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ አፏ ተለጉሞ ነበር። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ እንጨት ትለቅማለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ሐኪም ቤት የሰጣት ኪኒን እንቅልፍ ከመጨመር ሌላ የፈየደላት ነገር የለም። በመጨረሻ የእናታቸው ወንድም አጎት ሙዌሌ፣ ንጋንጋ የሚባሉት የሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ፣ ኦርታንስን ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና፣

"ይቺ ልጅ ኢቦጋ ትብላ። የጠፋባትን ሄዳ አይታ ትመለስ" አሉ።

ራእይ የሚያሳየው የኢቦጋ ቁጥቋጦ ሥር ግን ከየት ይምጣ? ድሮ ከጓሮ ጀርባ ይበቅል የነበረው ኢቦጋ አሁን ግማሽ ቀን ቢሄዱለትም አይገኝም። መኪና ይዘው ከከተማ የሚመጡ ሰዎች በኪሎ ይገዙታል፤ ባሕር ማዶ ሱስ የያዘው ሰው ይድንበታል ይባላል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ቆፋሪ ሆነና ጫካው ጥርሱ እንደረገፈ ድድ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

"ዲምቦንጋ አይጠፋም" አሉ አጎት ሙዌሌ። ዲምቦንጋ ፈረንሳዮቹ ሕዝቡን ወደ መኪና መንገዱ ዳር ሳያወርዱት በፊት አያቶቻቸው ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። ሌዮንቲን በልጅነቷ ከእናቷ ጋር አንዴ ሄዳበታለች። "ከአንዱ ጎን ብቻ ቆፍሪ። እናት ሥሩን እንዳትነኪ። ስትጨርሺ አፈሩን መልሺና አመስግነሽ ውጪ። ከዚያ ሰፈር የለቀቁት በሕይወት ያሉት ናቸው፤ ሙታኑ አልለቀቁም።"

አብሯት የሄደው የአክስቷ ልጅ ፕላሲድ ነው፤ በአገሩ ወግ ወንድሟ ማለት ነው። ጉልበተኛና ቀልደኛ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነበር። ገጀራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን ሁሉ ሲያስቃት ሄደ። በቦርሳው አጣጥፎ የያዛቸውን ማዳበሪያዎች ያየችው ከደረሱ በኋላ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዲምቦንጋ ገቡ። ቤቶቹ ከወደቁ የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አልፏል፤ የሰፈሩ ምልክት ሆነው የቀሩት የማንጎና የዘንባባ ዛፎች ብቻ ናቸው። በትልቁ ማንጎ ሥር ያለው ደጅ ግን ተጠርጓል። በቀዩ አፈር ላይ የመጥረጊያ ጭረት ጎን ለጎን ተሰምሯል። ማንጎው ቅጠሉን ያረግፋል፤ መሬቱ ላይ ግን አንዲት ቅጠል የለችም።

"ጎሪላዎቹ ሠራተኛ ቀጥረዋል" አለ ፕላሲድ።

ሌዮንቲን አልሳቀችም። "እዚህ ሰው አለ እንዴ?"

"አዳኞች ያድሩበት ይሆናላ። ነይ ባክሽ፣ ሳይመሽብን።"

የኢቦጋ ቁጥቋጦዎቹ በፈረሱት ቤቶች ዙሪያ ቆመዋል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ ብርቱካንማ ፍሬ አንጠልጥለዋል። ሌዮንቲን ከአንዱ ሥር ተንበርክካ በጎኑ ቆፈረች። ለእህቷ የሚበቃትን ያህል ቆርጣ አፈሩን መለሰችና በመዳፏ ጠቀጠቀችው። ቀና ስትል ፕላሲድ አንዱን ከነግንዱ ነቅሎ ጥሎ ሌላውን እየወዘወዘ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"የምታይውን።"

"አጎቴ ያሉትን አልሰማህም?"

"አጎቴ ጥርስ የላቸውም፣ ብዙ አይበሉም። እኔ ቤት ያለው አፍ ግን ጥርሱ ሙሉ ነው።" ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ስሚኝማ፣ እኔ ብተወው ሌላው መጥቶ ይነቅለዋል። ባዳ ከሚወስደው የልጅ ልጅ ቢበላው ምናለበት?"

ውሸት አልተናገረም። ልጆቹ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ይህን ሥር በመሸጥ መሆኑን ሌዮንቲን ታውቃለች። "የሰው ቤት ነው፣ ፕላሲድ" ብቻ ብላው የቆረጠችውን ልታጥብ ወደ ወንዙ ወረደች።

ስትመለስ ፕላሲድ ጀርባውን ለደጁ ሰጥቶ የማዳበሪያውን አፍ ያስራል። ቆፍሯቸው የነበሩት ጉድጓዶች የሉም። ሁሉም ተደፍነው ላያቸው ተጠርጓል።

"አፈሩን መመለስህ ደግ አደረግህ" አለችው።

"እኔ?" ዞር አለ። "እስካሁን ከኋላዬ ስትጠርጊ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"ወንዝ ነበርኩ።"

ውኃ የሚንጠባጠበውን እጇን አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ። ገጀራውን አነሣ። "አንድ ልጨምርና እንሄዳለን" አለ።

የጨመረው ከሁሉ ትልቁን ነው፤ ከተደረደሩ ድንጋዮች አጠገብ የበቀለውን። ግንዱን አቅፎ ሲታገል ቆይቶ ነቀለው። ሥሩ ሲወጣ የመዳብ አምባር ይዞ ወጣ። ሥሩ በአምባሩ ውስጥ አልፎ ወፍሯል፤ አምባር ያጠለቀ ክንድ ይመስላል። የእናቷ ወገን ሴቶች እንዲህ ያለ አምባር አጥልቀው እንደሚቀበሩ ሌዮንቲን ታውቃለች።

"መልሰው" አለችው።

ፕላሲድ ሥሩን በገጀራ ቆርጦ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተ፤ አምባሩን ወደ ጉድጓዱ ወረወረው። "ይኸው መለስኩ።"

ዲምቦንጋን ለቀው ብዙም ሳይርቁ ከኋላቸው የመጥረጊያ ድምፅ ሰሙ። ሲሄዱ ይሰማል፤ ሲቆሙ ይቆማል። ፕላሲድ ነፋስ ነው አለ፤ ዛፎቹ ግን አይነቃነቁም ነበር። የእግራቸውን ዱካ እያጠፋ የሚከተላቸው ነገር እንዳለ ሌዮንቲን ገባት፤ ዞራ አላየችም።

ከዚያ ፕላሲድ ተጠራ። ድምፁ የሴት ነው፤ ጩኸት የለውም፤ ልጅን ምግብ ቀርቧል ብሎ እንደ መጥራት ያለ። የጠራው እናቱ ብቻ ትጠራው በነበረ የቁልምጫ ስም ነው፤ እናቱ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። ጫካ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ጠሪውን ሳታይ አትመልስም፤ ይህን በዚያ አገር ጡት ጠብቶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሌዮንቲን አፉን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

"አቤት፣ እማ" አለ ፕላሲድ።

መጥረጊያው ዝም አለ። ፕላሲድ ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ፊት ፊት እየቀደመ ሰፈር ገባ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሚስቱ እየሮጠች መጣች። "እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብሏት ማለዳ መውጣቱን ነገረቻቸው። ሌዮንቲን ወዴት እንደሄደ ገባት፤ የሰፈሩን ወንዶች እየመራች ተከተለችው።

ዲምቦንጋ ሲደርሱ በመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። አፈሩ እስከ ደረቱ ተሞልቶ ተጠቅጥቋል። ዙሪያው ተጠርጎ ንጹሕ ነው፤ ከእነርሱ ዱካ በቀር የማንም ዱካ የለበትም፤ የራሱ የፕላሲድም እንኳ። አፈሩን በእጃቸው ዝቀው አወጡት። ነፍሱ አለች። የፊቱ ግራ ጎን ግን ወርዷል፤ ግራ እጁና እግሩም አይታዘዙለትም። በግማሽ አፉ እንዲህ አላቸው፦

"ከአንዱ ጎን ብቻ ነው የወሰዱት። እናት ሥሬን አልነኩም።"

ሐኪም ቤት ደም ግፊት ነው ተባለ። ሊሆን ይችላል። አፈሩን ማን እንደመለሰበት ግን ሐኪሙን የጠየቀው የለም።

ኦርታንስ በዚያው ሳምንት ሌዮንቲን ያመጣችውን ሥር በላች። እንደ ሥርዓቱ በገና ሲመታላት፣ ዘመድ ሲዘፍንላት ቆይታ ዓይኗ ወዲያ ማዶ ሄደ። ስትመለስ አለቀሰች። ከዚያ የልጇን ስም ተናገረች፤ ስም እንዳወጣችለት ማንም አያውቅም ነበር። ሌዮንቲን አቅፋት አብራት አለቀሰች።

ፕላሲድ የነቀለውን ሥር፣ አጎት ሙዌሌ ኢቦጋ ላለቀባቸው ሰፈሮች አከፋፈሉት። ሥር የሚገዛው ሰው ከከተማ በመኪናው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ወደሚቀጥለው ሰፈር አለፈ፤ እዚያ አላጣም።

ሌዮንቲን ከወደቁት ቁጥቋጦዎች የለቀመችውን ፍሬ ከማድቤቷ ጀርባ ዘራችው። ሲበቅል ፕላሲድ በርጩማ አስወጥቶ አጠገቡ መዋል ጀመረ።

"መቼ ይደርሳል?" አላት አንድ ቀን።

"ሥሩ ሲወፍር ልጆችህ ጢም ያወጣሉ።"

"እኔስ እስከዚያ?"

"አንተማ ፍየል ጠብቅ።"

ፕላሲድ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ወዲያው በደህና እጁ ዱላውን አነሣ፤ የጎረቤት ፍየል አንገቷን በአጥሩ አሹልካ ነበር።