ሐዘንተኛ አይንቀሳቀስም

አዘዘ መዳፎቹን ሰሌኑ ላይ ተክሎ ሰውነቱን በክንዱ ብድግ ሲያደርግ፣ ሊያስተዛዝኑት የመጡት ሁለት የሹም አቦ ሰፈር ሰዎች ንግግራቸውን አቋረጡ። እስከ ሃያ ቆጥሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ የብርጓል ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር።

የገደላት ማጅራት ገትር ነው። ጊዜው 1981 ዓ.ም.፣ ወረርሽኙ ከተማውን ያስጨነቀበት ወቅት ስለሆነ፣ ቀበሌው ድንኳን ከልክሎ ለቀስተኛው ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባ ነበር። ሐሜትን ግን የከለከለ የለም። ሳይመሽ፣ አዘዘ ሚስቱን ቀብሮ ስፖርት ይሠራል ተባለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሰባታሚት ላይ ቤት ሲከድን ወድቆ አከርካሪው ተሰብሯል፤ ከወገቡ በታች አይሰማውም። በመጀመሪያው ክረምት ከመቀመጥ ብዛት ገላው ቆስሎ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው። ሐኪሙም ሁለተኛ ከቆሰለ እንደማይድን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ የብርጓል ዕረፍት አልሰጠችውም። በየግማሽ ሰዓቱ በገዛ ክንዱ ብድግ ታሰኘዋለች፤ ጠዋት ጠዋት እግሮቹን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ጣና ዳር ሲወጡ ተሽከርካሪ ወንበሩን በእጁ የሚዘውረው ራሱ ነው፤ ጭቃ ላይ እንኳ አታግዘውም። ወረርሽኙ ሰውን ቤት ሲያውል ደግሞ ጠባቧን ግቢ አርባ ጊዜ ታስዞረው ጀመር። ይሰድባታል፤ ትስቃለች። በጣም ይወዳት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አማቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከአንበሳሜ ደረሱ። አማት ለልጇ ባል ፊቷን ገልጣ በማታሳይበት ወግ ያደጉ ናቸውና ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሐሜቱን ገና በር ላይ ነግረዋቸዋል። አዘዘም ይህን ስላወቀ ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አማቱ ካሉበት ተናገሩ።

«ምነው አልተነሣህ? ልጄ በየጊዜው ተነሥ ትልህ አልነበር?»

«አፈርሁ፣ እማማ። አፈሯ ሳይደርቅ እንዲህ ስሆን አይተው ምን ይሉኛል ብዬ።»

«እኔ ሁለት ልቀብር አልመጣሁም» አሉ።

አዘዘ መዳፎቹን ተክሎ ተነሣ። ሃያ ቆጥሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ለቀስተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ገልጠው ወደ እግሩ መጡና ጋቢውን ሰብስበው እግሩን ሊያጥፉለት ጉልበቱን ጨበጡት።

«እሷ ተረከዙን ነበር የምትይዘው» አላቸው።

እጃቸውን ወደ ተረከዙ አወረዱ።