ከስፒከሩ ስር ያለው ጎማ

"አባዬ፣ ሻሹን እንዳትነካው! ካየህ ዋጋ የለውም።"

ባለሱቁ በልጁ ሻሽ ዓይኑን ታስሮ ሳሎኑ መሀል ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የድምፅ መሣሪያ ሸጧል። ጠዋት አንድ ጡረተኛ ሹፌር ሱቁ መጥተው፣ "ይሄ ወፍራም የስፒከር ገመድ እውነት ድምፁን ያሳምረዋል?" ሲሉት፣ "በእኔ ይሁንብዎ!" ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ነገ ሊወስዱት ተስማምተዋል፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ ነው። ፊዚክስ አስተማሪዋ ልጁ ይህን ስትሰማ ሳቀችና፣ "እስኪ መጀመሪያ አንተ ለየው" ብላ ገመዱን ቤት አስመጣችው።

አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ አሰማችው። ከኋላው ውዱን ገመድ ከተራው ጋር ትቀያይራለች፤ አንዳንዴም ሳትቀይር የቀየረች ትመስላለች።

"ይሄ ውዱ ነው። ባሱ ጠራ ብሏል።"

"እሺ፣ ቀጥል።"

ሲጨርስ ሻሹን ፈታችለት። "ከአሥሩ አራት።"

"ሳንቲም ብወረውር ይሻለኝ ነበር በይኛ!" ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አፉን ግን መረረው። ስንቱን ሰው በዚህ ጆሮ መክሯል!

"አይክፋህ፤ ጆሮ ልብ የፈለገውን ነው የሚሰማው። አሁን ደግሞ ጎማዎቹን እንይ።"

ጎማዎቹ እሱው የሚሸጣቸው፣ የስፒከሩ ንዝረት ወደ ወለሉ እንዳያልፍ ከስር የሚደረጉ ናቸው። አንዴ ስታደርግ፣ አንዴ ስታወጣ፣ እሱ ምንም ልዩነት ሳይሰማው በሩ ተንኳኳ። ታችኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። ፀጉሯ ባንድ ጎን ተጨፍልቋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው? ዱም ዱሙ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሲጠፋ ሸለብ ያደርገኛል፤ ሲመጣ ብድግ!"

አባትና ልጅ ተያዩ።

ልጅቱ ከነርሷ ጋር ወረደች። እሱ እላይ ቤት ብቻውን ጎማውን ያደርጋል፣ ያወጣል፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም። ነርሷ በስልክ፣ "አለ… ጠፋ… ጠፋ… አለ" ትላለች። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥሩንም አገኘችው።

"እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ፣ ሲመለሱ።

"ለሥራዎ የሚሞክሩት መስሎኝ ነዋ ጋሼ! የሰው ሥራ እንዴት እከለክላለሁ?"

አፈረ። ግን ደግሞ ቀለል አለው፤ ከሚሸጣቸው ነገሮች የአንዱን ጥቅም ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት አውቋል። ጎማዎቹን በአራቱም ማዕዘን አስተካክሎ አስገባና ነርሷን፣ "ሂጂ ተኚ ልጄ" አላት።

ከዚያ ስልኩን አንስቶ ጡረተኛው ሹፌር ጋ ደወለ።

"አባቴ፣ ለገመዱ ብለው እንዳይለፉ። ያለዎት ይበቃዎታል።" ልጁ ቀና ብላ አየችው። "ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከእርስዎ ቤት ስር ማን ነው የሚኖረው?"