ከወዲያ የማይታይ ክፍል

እሱን የሰደበው ሌላ ሰው አይደለም፤ አሁን ቤት ሙሉ ሰው የሚያለቅስለት ታናሽ ወንድሙ ነው። ቀኑም ወንድሙ የተመረቀበት ዕለት፣ ከቀትር በፊት፣ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ነበር። መነጽር ያደረጉ አንድ አስተማሪ ወደ እሱ እያመለከቱ «እኚህስ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ወንድሙ በጥቁር ካባው ውስጥ ሆኖ ዞር ብሎ አየውና «ኮምፒውተራችንን የሚጠግንልን ሰው ነው» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የተማረ ሰው ሲሰድብ አይጮህም።

ጠጋኙ ወንበር እየደረደረ የሚያስበው ይህንኑ ነው። የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው። ወንድሙ ለመንገድ ቅየሳ ወጥቶ መኪናው ገደል ገባ፤ ሬሳው ተሸፍኖ መጣ፣ እንደተሸፈነም ተቀበረ። የሚገባው ሁሉ የጠጋኙን እጅ እየጨበጠ «ፈጣሪ ያጽናህ፤ ወንድም ማጣት ክንፍ መሰበር ነው» ይለዋል።

«አሜን» ይላል። በሆዱ ግን ‹ክንፉስ ከተሰበረ ቆየ› ይላል።

ጥግ ላይ የተቀመጡት አጎቱ በጣታቸው ጠሩት። ሹክሹክታቸው የሌላውን ሰው ወሬ ያህላል።

«ስማ ልጄ፣ እህትህ ትምህርት ልትጀምር ነው። ያ ኮምፒውተር ለሷ ቢሆን ምን ይልሃል?»

«ይሁን።»

«ሞልቷል ትላለች እኮ።»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያ ከውስጡ የሟቹን ክፍል አጥፋላት። የሞተ ሰው ቦታ ይዞ አይቀመጥም።»

«አጎቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አለች እህቱ ሻይ እያቀረበች። «እማዬ ትሰማለች።»

እናትየው ሰምታ ነበር። ፊቷን ሳታዞር፣ «ከማጥፋትህ በፊት የተመረቀበትን ፎቶ አውጣልኝ፤ ግድግዳው ላይ ልስቀለው» አለች።

ከቀን ሁሉ ያንን ቀን።

ኮምፒውተሩን የገዛው በሕይወት ሳለ አባታቸው ነበር፤ ለሁለት ልጅ አንድ። ታላቁ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ የአባቱ መጠገኛ ሱቅ ገብቷል፤ ታናሹ ትምህርቱን እየገፋ ነው። «ነካህብኝ»፣ «አበላሸህብኝ» ሲባባሉ አባትየው ማሽኑን መንገድ ላይ ልወረውረው ነው አለ። ያኔ ነው ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት የከፈለው። ለወንድሙ የንድፍ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩበት ዊንዶውስ፣ ለራሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ እየነካካ የለመደው ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም። ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ያወራሉ።

«አንድ ዲስክ ላይ አይጣሉም?»

«ድንበር ካለ ምን ያጣላቸዋል?»

«ማንኛው ቀድሞ ይጫናል?»

«ያንተ። የኔ ከቀደመ፣ ያንተ ኋላ መጥቶ ማሽኑ ሲበራ የሚወጣውን መምረጫ ይውጠዋል። ስትከፍተው ብቻውን ይመጣል፤ የኔ ዲስኩ ላይ እያለ የለም ማለት ነው።»

«እንግዲህ ታላቅ ሆንኩብህ!» ብሎ ሳቀ።

«ሁን። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ካንተ በኩል ሆነህ የኔን ክፍል አታየውም። ከኔ በኩል ግን ያንተ ይታያል።»

«ልትሰልለኝ ነዋ?»

«ምን አለህና?»

ከምርቃቱ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሲበራ ሁለት መስመር ይመጣል፤ እያንዳንዱ የራሱን መርጦ ይገባል። ያ ሁሉ ዓመት የወንድሙ ክፍል ከወዲህ በኩል ገርበብ ብሎ እየታየው፣ ጠጋኙ አንድ ቀን አልከፈተውም። ኩራት ነው። የደሃ ኩራት ደግሞ ጠባቂ አያስፈልገውም፣ ራሱ ዘብ ይቆማል።

ከምሳ በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ጠጋኙ የጓዳውን በር ገፋ አድርጎ ኮምፒውተሩን አበራ። የራሱን መስመር መረጠ፣ ከዚያም የወንድሙን ክፍል ከፈተ።

የመንገድ ንድፎች፣ ዘፈኖች፣ ያልተጨረሰ የሥራ ማመልከቻ። የምርቃቱ ፎቶ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሙሉው ነው፤ ወንድሙ መሐል፣ እናታቸው አጠገቡ፣ ከእናታቸው ወዲያ ደግሞ እሱ ራሱ የአባቱን ሰፊ ኮት ለብሶ ትከሻዋን ይዟል። ሁለተኛው ያው ፎቶ ነው፣ ግን ከጎኑ ተቆርጧል። ኮቱ የለም፣ ፊቱ የለም። የቀሩት ትከሻዋ ላይ ያሉት አራት ጣቶች ብቻ ናቸው። እነሱንም ለመቁረጥ እናቱን መቁረጥ ነበረበት።

ጠጋኙ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አያቸው። ከሳሎን የአጎቱ ሳል ይሰማል። ሙሉውን ቢያወጣ ማን ይከለክለዋል? ከልካዩ ተቀብሯል።

የተቆረጠውን አተመ። ‹እንዲህ ነው የፈለገው› አለ፤ የሙት ቃል የፈጸመ እንጂ የተቀየመ ሰው አይመስልም ነበር።

ቀጥሎ ማሽኑን ዲስክ መክፈያው ካለበት ፍላሽ አስነሳው። የዲስኩ ሁለት ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ተዘረጉ፤ የወንድሙ ሰፊ፣ የእሱ ጠባብ። የማውሱን ቀስት የወንድሙ ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ካጠፋው በኋላ ግን ከማን ጋር ይጣላል? ያቺን ቃል ማን ይመልስለታል? ሙግት ሳያልቅ የባላጋራ ቤት አይፈርስም። ደግሞ፣ ይህን ለራሱም አልተናገረውም እንጂ፣ ሙሉው ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ የቆረጠው ልጅ ሙሉውን አልጣለውም።

ቀስቱን ወደ ራሱ ክፍል አዞረ። የደንበኞቹ ስልክ፣ ያጠራቀማቸው ፕሮግራሞች፣ ለማንም ያላሳየው ጽሑፍ እዚያ አለ። ምንም አልቀዳም። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው። ተጫነው። በቦታው ለእህቱ አዲስ ሲስተም ጫነላት። ሲበራ እንደ ድሮው ሁለት መስመር መጣ፤ አንዱ የሟች፣ አንዱ የእህቱ።

አጎቱ በሩ ላይ ጠበቁት። «አጠፋኸው?»

«ቦታ ተገኝቷል።»

«ጎበዝ። ቆራጥ ሰው ደስ ይለኛል።»

ወደ ማታ ገደማ ቤቱ እንደገና ሞላ። ፎቶው ከእጅ እጅ ይዞራል። ጎረቤቲቱ ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ሐዘን ላይም ቢሆን ዐይኗ ምንም አያልፈውም።

«ካባው ሲያምርበት። ነፍሱን ይማረው» አለች። ቆየት ብላ፣ «እትዬ፣ ይቺ ትከሻሽ ላይ ያለችው እጅ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

እናትየው ፎቶውን ተቀበለች። አየችው። ጠጋኙ ባዶ ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ መሐል ቤት ቆሟል። ቀና ብላ እሱን አየችው።

«ወንድምየው ሳያውቅ አይቀርም» አለች ጎረቤቲቱ ወደ እሱ ዞራ። «የማን ናት?»

ሁሉም አየው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ በወንበሮቹ መሐል አልፎ ወጣ።