ሐረጎ ደርሻለሁ

«አጥባቸው ነው አሉ።»

«ምናቸውን?»

«ገላቸውን ነዋ! ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር። በማግሥቱ አረፉ።»

ትርፌ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ከድንኳኑ ጥግ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብትመለስ የሰማች ትመስላለች፤ ብትገባ ደግሞ ፊታቸውን ማየት ሊኖርባት ነው። ጉሮሮዋን ጠረገችና ገባች።

«ንፍሮ ዝገኑ።»

«እሰይ የኔ እናት! እግዜር ያጽናሽ፤» አለች ያችው ወሬኛ፣ በሁለት እጇ ሙሉ እየዘገነች። «አንቺም እኮ ደከመሽ።»

ዛሬ ሰልስት ነው። ድንኳኑ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የባሏ እህት የአረጋሽ በር ላይ ከተተከለ ጀምሮ ትርፌ ይህን ወሬ በየጥጉ ሰምታዋለች። አማቷ አባ አግማስ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል፤ በስንት እንዳለፉት ግን እሳቸውም አያውቁት። ያም ሆኖ ለቀስተኛው ሁሉ ገና ሲገባ «ምን አገኛቸው?» ይላል። «እርጅና» ሲባል ደግሞ «እርጅናማ ትናንት አልጀመራቸው!» ብሎ ይከራከራል። እውነትም አለው። በቅርቡ አጥር ሲያጥሩ የታዩ ሰው ናቸውና ለሞታቸው ምክንያት ተፈለገለት። አንዱ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው አለ። አንዷ ማንጎ ነው አለች። ጎረቤቱ አቶ እንድሪስ «አብሽሩ፣ አላህ የጻፈው ነው» ብለው ከተቀመጡ በኋላ ዝምታው ከበዳቸውና፣ «ግን ቬንትሌተሩ ይነፍስባቸው የነበረው ከፊት ነው ከኋላ?» ሲሉ ጠየቁ። ከሁሉም ያሸነፈው ግን የገላው መታጠብ ነው።

ትርፌ ለማንጎውም ለቬንትሌተሩም ግድ አልነበራትም። የጨነቃት አረጋሽ ናት። አረጋሽ የሟች ትልቋ ልጅ ናት፤ ከብርዱ ወራት በቀር ዓመቱን ሙሉ ደሴ ላይ አባቷን ይዛ የኖረችውም እሷ ናት። ከቀብር ወዲህ ለትርፌ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አስቀምጪው።» ንፍሮም ይሁን ውሃ ከእጇ አልተቀበለችም።

«ሐዘን ነው፤ ተያት ይለፍላት፤» ይላል የትርፌ ባል ይርጋ፣ የአረጋሽ ታናሽ ወንድም።

«ድንኳኑ ዛሬ ይነቀላል፤» አለችው ጠዋት። «ቂም ከድንኳን ጋር ካልተነቀለ ቤት ይሠራል። እኔ እህትህን ማጣት አልፈልግም።»

ያልነገረችው ሌላም ነገር ነበር። ሴቶቹ ሲያሙ በሰማች ቁጥር «እውነት ገድያቸው ቢሆንስ?» ትላለች በልቧ።

አባ አግማስ በየዓመቱ ኅዳር ሲጠባ፣ የደሴ ብርድ አጥንት መንካት ሲጀምር፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ይርጋና ትርፌ ቤት ይወርዳሉ። ዘንድሮም የወረዱት በሚኒባስ፣ ጋቢና ተቀምጠው፣ ሹፌሩን ሃያ ዓመት የነዳበትን መንገድ እያሳዩ ነው። መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ ሊያወርዳቸው ክንዳቸውን ያዘ።

«ምነው ልጄ፣ ደከመህ?» አሉት።

ትርፌን «ጴንጤዋ» ነው የሚሏት። ይርጋ እሷን ተከትሎ ቸርች የገባ ጊዜ አንድ ክረምት አኩርፈው፣ በሁለተኛው ክረምት ሽሮዋን ቀምሰው የታረቁ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በጾሙ ወራት ለእሳቸው ብቻ የጾም ወጥ ትሠራለች። እሳቸው ደግሞ የማዕድ ጸሎቷ ሲረዝምባቸው መሃል ላይ ጮክ ብለው «አሜን!» ይላሉ።

«አባባ፣ አልጨረስኩም እኮ።»

«እግዜሩማ ሰምቷል። የማይጠብቀው ወጡ ነው።»

ዘንድሮም ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ነበሩ። የጎረቤት ዶሮ የምትሾልክበትን አጥር አጠሩ፤ ከዶሮዋ ባለቤት ጋር ተጣሉ፤ ታረቁ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳቸውን ግማሹን ተዉት። ትርፌ ጨው በዝቶበት ይሆናል ብላ ቀመሰችው፤ ደህና ነው። በማግሥቱ ምርኩዛቸው በሩ ሥር እንደተደገፈ ዋለ። ቀጥሎ ከአልጋ ለማንሳት ሁለት ሰው አስፈለገ። ክሊኒክ ወሰዷቸው። ወጣቱ ሐኪም ልባቸውን አዳመጠ፣ ደማቸውን አስመረመረ፤ ይሄ ነው የሚለው በሽታ አጣ።

«የደከመው አንዱ አካላቸው አይደለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው፤» አላቸው። «በጣም ያረጀ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው። ለዓመታት ጸንቶ ይቆምና ሲደክም በቀናት ይሆናል። ቤት ውሰዷቸው፤ የሚወዱትን አድርጉላቸው።»

ትርፌ ሰማችው እንጂ አላመነችውም። የጎረቤት ዶሮ ያባረረ ሰው እንዴት በሳምንቱ እንዲህ ይሆናል? አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ምንም። ሐረጎ ደርሻለሁ።»

«ኮምቦልቻ እኮ ነዎት፣ አባባ። ሐረጎ እዚያ ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ሲመጡ አልፈውታል።»

«አላለፍኩትም። አሁን ነው የደረስኩት።»

ወጥታ ለይርጋ «መዘባረቅ ጀመሩ» አለችው። ለአረጋሽም ስልክ ደወለች።

በማግሥቱ ዓይናቸውን ገለጡና «እጠቢኝ» አሏት። ዕድሜ ልካቸውን በር ዘግተው ብቻቸውን የሚታጠቡ ሰው ናቸው፤ ትርፌ የምትገባበት ጠፋት።

«ነገ ሻል ሲልዎት ይታጠባሉ።»

«ሳልታጠብ አልገባም።»

«የት ነው የሚገቡት?»

«ገበያ፤» አሉና በቀረችው ጥርሳቸው ሳቁላት።

ውሃ አሞቀች። ይርጋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጦ ደገፋቸው፤ እሷ የውሃውን ሙቀት በክንዷ ለካች፤ ዓይናቸው እንዳይገባ ግንባራቸውን በመዳፏ ከልላ አፈሰሰችላቸው። ጀርባቸው የልጅ ጀርባ አክሎ ነበር። ውሃው በአንገታቸው ሲወርድ አባ አግማስ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣

«ጴንጤዋ፣ ውሃው በዛ። ደግሞ እንዳታጠምቂኝ!» አሉ።

ይርጋ ከሳቁ ብዛት ወንበሩን ሊለቀው ምንም አልቀረው። አባ አግማስ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ተኙ፤ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ የሚያስለቅቅ እንግዳ መጣ። እማማ ቡዜ ናቸው፤ የአባ አግማስ የድሮ የቦሩ ሜዳ ጎረቤትና እኩያ። ከምራታቸው ጋር በሚኒባስ መጥተው፣ ገና ሲቀመጡ ያችው ወሬኛ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። እማማ ቡዜ ጆሯቸው አይሰማም። ጆሮው የማይሰማ ሰው ደግሞ ሹክሹክታን አይችልበትም።

«ያጠበችው የትኛዋ ናት?» ብለው ጮኹ።

ንፍሮ የሚያላምጥ እንኳ መንጋጋውን አቆመ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ፤» አለች ትርፌ።

«ጮክ በይ!»

«እኔ ነኝ!»

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ! እኔን እንዲህ የሚያጥበኝ የት ይገኛል? ይቺ ምራቴ እንደሆነች ፊቴን ስትጠርገኝ ጥላሸት እንደለበሰ ድስት ነው የምትፈትገኝ።»

ምራታቸው አንገቷን ደፍታ ሳቋን ዋጠች።

«ደህና ነበሩ እኮ ስለሚባል ነው፣ እማማ፤» አለች ወሬኛዋ፣ አሁን ድምጿን ለማንሳት ተገዳ።

«ማ? አግማስ? በእኛ ዕድሜ ምን ደህና አለ? ወድቆ አለመገኘት ነው እንጂ። እኔም ስሞት ‹ሰሞኑን ንፍሮ ስትበላ ነበር› ትያለሽ።» እፍኛቸውን ወደ አፋቸው ወረወሩና ወደ ትርፌ ዞሩ። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ትርፌ አመነታች። የሟችን መዘባረቅ በሰው ፊት ማውጣት ነውር መሰላት። ቀስ ብሎ መናገር ቢቻል ኖሮ በጆሯቸው ትነግራቸው ነበር።

«ያልሆነ ነገር ነው፣ እማማ!» አለች ጮክ ብላ። «‹ሐረጎ ደርሻለሁ› ይሉ ነበር!»

«ምን አልሽ?»

ይህ ድምፅ የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። አረጋሽ ከፍራሹ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። ጥቁር ሻሿ ግንባሯን ሸፍኖታል፤ ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ ሐረጎ ደርሻለሁ አለ?»

«አዎ፣ እትዬ። እኔ ዘባረቁ ብዬ…»

«አልዘባረቀም።» አረጋሽ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልጅ ሆኜ ገብስ ጭነን ኮምቦልቻ ገበያ እንወርድ ነበር፤ እሱ፣ እኔና ሁለት አህያ። መንገዱን ሙሉ አህዮቹን ሲነዳ፣ ሲለምን፣ ሲሳደብ ነው። ሐረጎ ስንደርስ ግን ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋድምና ‹እንግዲህ ሐረጎ ደርሰናል። ከዚህ ወዲያ መንዳት የለም፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስዳቸዋል። ፈጥነው ቢወርዱ እንዳትደነግጪ› ይለኛል።»

«‹እንዳትደነግጪ› ነው የሚለው፤» ብላ ለራሷ ደገመችው።

ትርፌ እጇ ላይ ያለውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። «ታች ስትደርሱስ፣ እትዬ? ገበያ ከመግባታችሁ በፊት?»

«ቦርከና ወንዝ ዳር ያስቆመኛል። እግሬን፣ ፊቴን፣ ራሴን ሳይቀር ያጥበኛል፤ እሱም ይታጠባል። አቧራ ለብሶ ገበያ አይገባም ባይ ነው።» ቀና ብላ አየቻት። ከቀብር ወዲህ አይታት አታውቅም። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«‹ሳልታጠብ አልገባም› አሉኝ። የት ነው የሚገቡት ስላቸው ‹ገበያ› አሉኝ።»

አረጋሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ሊይዟት ብድግ አሉ። ትርፌ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው የጀመረችውን ጨረሰች፦ «ውሃው ሲበዛባቸው ደግሞ ‹ጴንጤዋ፣ እንዳታጠምቂኝ› አሉኝ።»

ከነጠላው ሥር የወጣው ሳቅ ነው። አረጋሽ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ ሊይዟት የተነሱት ሴቶች ግራ ገብቷቸው ቆሙና እነሱም ሳቁ። እማማ ቡዜ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ የሁሉንም ቀሚስ ጎተቱ። ሦስቴ ተነገራቸው፤ በሦስተኛው ደርሷቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። አቶ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ወላሂ፣ ቬንትሌተሩ አይደለም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ አረጋሽ ትርፌን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«አንቺን ያኮረፍኩ መስሎሽ ነበር?»

ትርፌ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«የደወልሽልኝ ጊዜ ‹ድካም ነው፤ አጥሚት ስጪው› ብዬ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ብወርድ ኖሮ እደርስበት ነበር። ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ያቺ ስልክ ትጮህብኛለች።»

«እኔስ፣ እትዬ? አጠገባቸው ተቀምጬ፣ በአፋቸው እየነገሩኝ፣ መች ገባኝ?»

«አየሽ፣ ለአንቺ ነገረ፤ ትርጉሙን እኔ ጋ አስቀመጠ፤» አለች አረጋሽ። «ሁልጊዜም ሰው ማስሮጥ ይወዳል።»

ወደ ማምሻው የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቀሉት። ሸራው ሲነሳ ግቢው በድንገት ሰፋ፤ ብርሃን ገባበት። ሰልስት ስለወጣ ሐዘንተኛ ሴት ራሷን የምትታጠብበት ሰዓት ነው። ወሬኛዋ ብርጭቆ እየሰበሰበች ሳለ አረጋሽ ሳፋና ዱካ ይዛ ወጣች፤ ግቢው መሃል ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ።

«ትርፌ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ነይ እጠቢኝ።»

ብርጭቆ የምትሰበስበው ሴት እጇ ባለበት ቀረ። ትርፌ የሞቀውን ውሃ በባልዲ አመጣች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሙቀቱን በክንዷ ለካች። በጣሳ ቀድታ ልታፈስ ስትል አረጋሽ ሳፋው ላይ አጎንብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣

«ደግሞ እንዳታጠምቂኝ፤» አለች።

ከትርፌ ጣሳ ጥቂት ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የግራ መዳፏን አረጋሽ ግንባር ላይ አሳርፋ ዓይኗን ከለለችላትና ቀስ አድርጋ አፈሰሰች።